አነሳስ ላስተምር ሄጄ ላስታ ላይ በቃሬዛ ተነሣሁ

ላሊበላ ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ሳያወራ አያርፍም። እኔም አልቀርም፤ ግን እኔን ወደዚያ የወሰደኝ የሰው ወገብ ነው። ሥራዬ በየአውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣ የሚጭኑና የሚያወርዱ ሠራተኞች ወገባቸውን፣ ትከሻቸውንና ጉልበታቸውን ሳይጎዱ እንዲሠሩ ማስተማር ነው። ይህን ከመጀመሬ በፊት መንገደኛ የሚመዘገብበት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ፣ ዓመታት ሙሉ የሰው ሻንጣ ስገፋና ስጎትት ኖሬያለሁ። የራሴን ወገብ እዚያው ጥዬው ነው አስተማሪ የሆንኩት።

ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። የኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ "ላሊበላ እንዴት ናት?" ይሉኛል። መልሱ ደረጃ ላይ ቆሞ የሚነገር ስላልሆነ፣ ሄደው ለማያዩት ሁሉ የሆነውን በየቀኑ እንደሆነው ጻፍኩት።

ሐሙስ

ከሳሪስ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ለሥራ ይዤ የምዞረው ትልቅ ሻንጣ ውስጥ የሥዕል ወረቀቶች፣ ለልምምድ የሚሆን የአሸዋ ከረጢትና ከፕላስቲክ የተሠራ የጀርባ አጥንት አለ። ሳስተምር አጥንቱን አጎንብሼ፣ ሰው ተጣሞ ሲያነሳ የቱ ጋ እንደሚጎዳ አሳይበታለሁ።

በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ መንገድ ሲዘጋጋ ከሳሪስ መገናኛ የሚፈጀውን ያህል። ምድሩ መጀመሪያ ሜዳ ነበር፤ ከዚያ ድንገት ተሰነጣጠቀ። ከገደል ጫፍ ላይ ሳይቀር እርሻ ይታያል። ጥቅምት መጨረሻ ስለነበር ገብሱ ቢጫ ሆኗል። አጠገቤ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ ባልቴት መስኮቱን እያዩ በለሆሳስ ይጸልያሉ። እኔ ደግሞ የማስበው እዚያ ቁልቁለት ላይ ስለሚያርሰው ሰውዬ ቁርጭምጭሚት ነበር። ሥራ የያዘው ዓይን እንዲህ ነው።

ማረፊያው ያለው ከተማው ካለበት ተራራ በታች፣ ሞቅ ያለ ሜዳ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሻንጣ በቀበቶ ይሄዳል፣ በማሽን ይነሳል። እዚህ ያሉት ሁለት ጋሪና ስድስት ሰዎች ናቸው። ከመተዋወቃችን በፊት ሲሠሩ ማየት ስለምወድ ጥግ ይዤ ቆምኩ። የአውሮፕላኑ የዕቃ ክፍል ጅራቱ አጠገብ ነው። ጣሪያው ዝቅተኛ ስለሆነ ውስጥ የሚገባው ሰው ተንበርክኮ ነው ሻንጣ የሚስበው። ከዚህ ሥራ ሁሉ ወገብ የሚበላው ይህ ቦታ ነው።

ከስድስቱ አንዱ ዓይኔን ያዘው። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው። ሻንጣውን ወደ ደረቱ ያስጠጋል፤ በወገቡ አይዞርም፣ በእግሩ ይዞራል፤ ዝቅ ሲል ከጉልበቱ ነው። እኔ በሥዕል የማሳየውን እሱ በሥጋ ያደርገዋል። በዚህ ሥራ ላይ ስኖር እንዲህ የሚያነሳ ሰው አላየሁም። ስሙ ጌታው እንደሆነ በኋላ ሰማሁ።

የዕቃውን ሥራ የሚመሩት አቶ ሲሳይ ሊቀበሉኝ ሲመጡ እኔ ከጥበቃው ጋር ችግር ላይ ነበርኩ። ሰውየው ሻንጣዬን ከፍቶ፣ የፕላስቲኩን አጥንት አይቶ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ አማትቧል።

"የማን አፅም ነው?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"የማንም አይደለም፤ ማስተማሪያ ነው።"

"አፅም ይዞ ወደዚህ አገር የሚመጣ ሊያስቀብር ነው፤ ስሙን ካልነገሩኝ አላሳልፍም።"

አቶ ሲሳይ መጥተው እስኪያስረዱለት ድረስ አልለቀቀኝም። እሳቸውም ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት፤ አጠገቤ ቆመው እንኳ ይጮኻሉ። የአገሩ አነጋገር መስሎኝ ነበር።

ወደ ከተማው የሚወጣው መንገድ ይጠመዘዛል፣ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ደግሞ ይጠመዘዛል። ያረፍኩባት ቤት ባለቤት አተነፋፈሴን ሰምታ፣ ሳልጠይቃት ወንበር አውጥታ በረንዳው ላይ አስቀመጠችኝ። የገብስ ዳቦ በነጭ ማር አቀረበችልኝ። የቧንቧው ሙቅ ውሃ እንደማይሠራ ስነግራት "እሱማ መቼ ሠርቶ ያውቃል!" ብላ ሳቀችና በባልዲ አፍልታ አመጣችልኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ስለ ውሃ ማሞቂያው ይቅርታ ጠይቀውኝ በቀዝቃዛው እታጠብ ነበር።

ዓርብ

ማስተማሪያ ክፍሉ የማረፊያው ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። ስድስቱ ጫኞች አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ከሰላምታ በኋላ ሁልጊዜ እንደማደርገው ቅጼን አወጣሁ። ቅጹ ላይ አንድ ረድፍ አለ፤ "ሕመም አለ፣ የለም" የሚል።

"ወገቡን የሚያመው አለ?" አልኩ።

ዝም። አንዱ ጣሪያ ያያል፣ አንዱ ጫማውን።

ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው ሌላ ከተማ፣ አንድ የዋህ ሰው እጁን አንሥቶልኝ ነበር። "አለ" ብዬ ጻፍኩለት። ጫኞቹን የቀጠረው ተቋራጭ ወረቀቱን አይቶ "ለጤናህ ሲባል" ብሎ አሰናበተው። የሰማሁት ቆይቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን እጠይቃለሁ፤ ግን ማንም እንዳይመልስልኝ በልቤ እለምናለሁ። ዝምታቸውን እንደ ጤና ቆጥሬ "የለም" እያልኩ እሞላለሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው።

ጌታውን አስነሣሁትና የአሸዋውን ከረጢት እንዲያነሳ ነገርኩት። ሌሎቹ እንዲያዩ አጥንቱን ከጎኑ አቆምኩት። ከረጢቱን ከመሬት ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደ መሬት አመላለሰው። አንድም ጉድለት የለውም።

"ማን አስተማረህ?"

"ሥራው ነው ያስተማረኝ" አለና ዓይኑን መለሰ።

ጓደኞቹ ተያዩ። ትሕትናውን እንጂ ሌላ ነገር አላየሁበትም። "እንዲህ ነው ማንሳት!" ብዬ አስጨበጨብኩለት። የጭብጨባቸው ድምፅ ቀዝቀዝ ያለ ነበር።

ምሳ ሽሮ በላን። ጌታው እጄን አስታጥቦኝ ከጎኔ ተቀመጠ። "እትዬ ሂሩት፣ እሑድ አባቴ ቤት የማኅበር ተራ ነው። ከገነተ ማርያም በላይ ነን። ሻንጣ ብቻ አይተው እንዳይመለሱ" አለኝ።

"መንገዱ ይከብዳል?"

"ኧረ ምንም አይል! ትንሽ ዳገት ናት።"

የላስታ ሰው "ትንሽ ዳገት" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም።

ቅዳሜ

የዕለቱ አውሮፕላን ከሄደ በኋላ ከሰዓት ነፃ ስለነበርኩ አብያተ ክርስቲያናቱን ለማየት ወጣሁ። ያስጎበኙኝ ቄስ ሞላ የሚባሉ፣ ሽበታቸው እስከ ደረታቸው የወረደ አባት ናቸው።

በፎቶ ሺህ ጊዜ ያየሁት ነገር ነው። ግን ፎቶው ያላሳየኝ ነገር አለ፤ ቤቱ ላይ አትደርሱበትም፣ ትወርዱበታላችሁ። መሬቱ ላይ ስትሄዱ ድንገት ከእግራችሁ ሥር ጣሪያ ታያላችሁ። ከዚያ በጠባብ ቦይ ውስጥ ወርዳችሁ ቀና ስትሉ፣ ተራራው ውስጥ የነበረ ቤት ፊት ለፊታችሁ ቆሟል። አፌን ከፍቼ ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። በሥራዬ ሕይወቴን ሙሉ ሳስብ የኖርኩት ድንጋይ ላይ ድንጋይ፣ ሻንጣ ላይ ሻንጣ እንዴት እንደሚነባበር ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ለግድግዳው አንዲት ድንጋይ እንኳ ወደ ላይ አላነሱም። ከላይ ጀምረው ወደ ታች ወረዱ። ትርፉን እያወጡ ጣሉና ቤቱ ቀረ።

ግድግዳው ላይ የመሮው ጠባሳ አለ። እጄን አሳረፍኩበት፤ የጠራቢው ክንድ የቱ ጋ ደርሶ እንደተመለሰ በጣት ይታወቃል።

"አባ፣ የእነዚህ ሰዎች ጉልበት፣ የእነዚህ ሰዎች ትከሻ እንዴት ቻለው?"

"ልጄ፣ ሰው ቀን ይጠርባል። ሲመሽ ያርፋል። ያኔ መላእክት ይረከቡታል።"

"ፈረቃ ነበራቸዋ!" አልኩ ሳላስበው።

ደነገጥኩ፤ የደፈርኩ መሰለኝ። እሳቸው ግን ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "ነበራቸው እንጂ! ንጉሡኮ ጻድቅ ነው። ጻድቅ የሰውን ድካም ያውቃል። ሰው ማረፍ ባይኖርበት እግዜር መላእክቱን ለምን ያደክማል?"

የተደገፉበትን መቋሚያም አሳዩኝ። ማኅሌት ሲቆሙ ረጅሙን ሰዓት የሚገፉት በሱ ነው፤ አንዴ በብብት፣ አንዴ በአገጭ ሥር፣ ክብደቱን ከእግር ወደ እግር እያዛወሩ። እኛ መሥሪያ ቤት ቆመው ለሚውሉ ሠራተኞች አንዲት የእግር መደገፊያ ለማስገዛት ስንት ስብሰባ ተቀምጠናል። መቋሚያውን ተቀብዬ ተደገፍኩት። ወገቤ በአንድ ትንፋሽ ቀለለኝ።

እሑድ

ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ጌታው ገነተ ማርያም ጠበቀኝ። ቤተ ክርስቲያኗ ከቀይ አለት ተፈልፍላ በምሰሶዎች የተከበበች ናት። ከተማው ውስጥ ያለው ግፊያ እዚህ የለም፤ ጸጥታው ጆሮ ይሞላል። ተሳልመን ዳገቱን መውጣት ጀመርን።

"ትንሽ ዳገት" ያላት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀችብኝ። ጌታው እንደሚደክመኝ አውቆ በየመቶ እርምጃው አንድ የሚያሳየኝ ነገር ይፈልጋል፤ አንዴ ተራራ፣ አንዴ የጎረቤት አጥር። ማረፌ ነውር እንዳይሆንብኝ መሆኑን ዘግይቶ ገባኝ።

አባቱ አያ ይመር ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። እናቱ እትየ ወርቄ ገና ከደጅ እቅፍ አድርገው አገላብጠው ሳሙኝ። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ነበር። ጸሎት ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ንፍሮና ጠላ ዞረ። "ይብሉ እንጂ! አንቱ ምነው እንደ ወፍ?" እያሉ እትየ ወርቄ ሦስት ጊዜ አጎረሱኝ። በመካከላቸው አንድ ሰው "ሥራዎ ምንድን ነው?" ሲለኝ "ዕቃ ማንሳት አስተምራለሁ" አልኩ። ከዚያ አያ ይመር በጣም በጨዋ ድምፅ፣ "እንዴ፣ አዲስ አበባ ዕቃ ማንሳትም ይጠፋል?" አሉ። የሳቅነው ሳቅ እስካሁን ይሰማኛል።

ስንወርድ ነው የሆነው። ከቤቱ ብዙም አልራቅንም። ልቅ ድንጋይ ረገጥኩ። እግሬ ሄደ፣ ጉልበቴ ቀረ። ቋ ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ መሬት ላይ ነኝ። ለመነሣት ስሞክር ዓለም ጠቆረብኝ።

ጌታው ጮኸ። ከላይ ቤት ያሉት ሁሉ እንዳሉ ወረዱ። እትየ ወርቄ መቀነታቸውን ከወገባቸው ፈትተው ጉልበቴን ጠበቅ አድርገው አሰሩልኝ። ወዲያው ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው መጡ፤ ሁለት ረጅም ግንድ፣ በመካከሉ ጠፍር የተጎነጎነ። መንደሩ በሽተኛና ወላድ ወደ መንገድ የሚያወርድበት ነው።

"አያ ይመር፣ እኔ ከባድ ነኝ። ቀስ ብዬ እሄዳለሁ" አልኩ። የማስተምረው ሕግ ከሠላሳ ሁለት ኪሎ በላይ የሆነ ሻንጣ አንቀበልም ይላል። እኔ ሰማንያ አንድ ነኝ።

"አንቱ እንግዳ ነዎት። እንግዳ በእግሩ መጥቶ በትከሻ ቢመለስ ምን ነውር አለበት?" አሉና ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

ያኔ ሕመሜን ረሳሁት፤ ያየሁት ነገር አስረሳኝ። ሽማግሌው የወረዱትን አሥራ ሁለት ወንዶች በዓይናቸው ለኩ። "ቁልቁለት ነው፤ ረጃጅሞቹ ከፊት" አሉ። ጀርባዬ አግድም እንዲሆን ነው፤ ወደ እግሬ እንዳልንሸራተት። በቁመት እኩል የሆኑት ጎን ለጎን ገቡ። ጌታውም ከፊት ግንዱን ሊይዝ ጎንበስ አለ።

"አንተ ውጣ" አሉት አባቱ።

"ደህና ነኝ እኮ፣ አባ።"

"ወገብህን ለእኔ ነው የምትነግረኝ? ከፊት ቅደምና መንገድ ንገር።"

ጌታው አየኝ። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ከዚያ ወደ ፊት ሄደ። መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። የማያውቀው የእኔ ቅጽ ብቻ ነው።

"ሆ" አሉ አያ ይመር፣ አራቱም በአንድ ትንፋሽ ተነሡ። አልተናወጥኩም። ጌታው ከፊት "ልቅ ድንጋይ! በስተቀኝ ጉድባ!" እያለ ይጣራል። እኔ የማየው ሰማዩንና አራት አንገት ነው። ጥቂት እንደሄድን ሽማግሌው ከጎን ሆነው "ሙሉ ውጣ፣ አለሙ ግባ" አሉ። ሙሉ የተባለው ወጣ፣ አለሙ ግንዱ ሥር ገባ፣ ቃሬዛው እየሄደ ነው። ሙሉ አላቃሰተም፣ አልጠየቀም፤ የመጣበትን ርቀት ሳየው ደግሞ ገና ብዙ መሄድ የሚችል ነበር። ሌላው ወጣ፣ ሌላው ገባ። አንድ ጅረት ተሻግረን ዳገት ሲመጣ አስቀመጡኝ፣ ረጃጅሞቹ ወደ ኋላ ዞሩ፣ እንደገና "ሆ"።

እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ያሉ ጎረቤታችን የታመሙ ጊዜ ትዝ አለኝ። አምስት ሰው ሆነን "አንተ ያዝ፣ አንቺ ልቀቂ" እያልን ስንጨቃጨቅ ከግድግዳ ጋር አጋጭተናቸዋል። እኔም ነበርኩ፤ አስተማሪዋ።

"አያ ይመር፣ ማንም ደከመኝ አላለም። በምን ያውቃሉ?" አልኳቸው ተንጋልዬ።

"ደከመኝ ካለማ ረፍዷል። ወንድ ልጅ ደከመኝ እስኪል ብጠብቅ ሁላችንም ገደል ነን። አንገቱን አያለሁ፣ እግሩን እሰማለሁ። እግር ሲከብድ ድምፁ ይለወጣል።" ግንዱ ሥር ያለውን አየት አድርገው ቀጠሉ። "የተሸከመ ሰው ሐሳቡ የተሸከመው ላይ ነው፣ እታለም። ስለ እሱ የሚያስብለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።"

ዓይኔን እንባ ሞላው። ሰዎቹ ሕመሙ መስሏቸው "አይዞዎት፣ ደረስን" አሉኝ።

መንገዱ ላይ ሚኒባስ አቁመው በር አጠገብ አወረዱኝ። አመሰግናለሁ ልል ስል ፊታቸውን አዙረው ሽቅብ ጀምረዋል። ሐኪም ቤት ጉልበቴ እንዳልተሰበረ ነግረው አሰሩልኝ፤ ምርኩዝም ሰጡኝ። ወረፋ ስንጠብቅ ጌታው ከጎኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል።

"ከዚህ በፊት ሌላ ከተማ ስሠራ ነው" አለኝ። "አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ተንበርክኬ ሻንጣ ስስብ ወገቤ እንደ ገመድ ተበጠሰ። ያ ያስጨበጨቡልኝ አነሳስ ሌላ ዓይነት ማንሳት ስለማልችል ነው። ትንሽ ከተጣመምኩ እወድቃለሁ።"

ወደ እሱ ዞርኩ።

"አባቴ አጋለጠኝ" አለ። "አሁን ይጽፉታል?"

"አላውቅም" አልኩት። የዚያን ቀን የነበረኝ እውነተኛ መልስ ይህ ብቻ ነው።

ሰኞ

በምርኩዝ እየተጎተትኩ ስገባ ስድስቱም ተነሥተው ቆሙ። ቅጹን ከቦርሳዬ አላወጣሁም። "ማን ያመዋል?" አላልኩም። ሌሊቱን ሙሉ ስፈልገው የነበረው ጥያቄ ሌላ ነው።

"ከጎንህ ያለው ሰው መድከሙን በምን ታውቃለህ?"

መጀመሪያ ተያዩ። ከዚያ አንዱ፣ "ሰጠ ሲደክመው ማፏጨት ያቆማል" አለ። ሰጠ የሚባለው ግዙፉ ጫኝ ደነገጠና "እኔ አፏጫለሁ እንዴ?" ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ቀጠለ። "አንተ ደግሞ በቀኝህ ብቻ ታነሳለህ።" "አንተ ጋሪው ላይ ትደገፋለህ።" ለዓመታት ጠይቄ ያላገኘሁትን በግማሽ ሰዓት ሰማሁ። ስለራሱ የተናገረ የለም፤ ስለ ጓደኛው ግን የማያውቅ አልነበረም።

እሑድ ቃሬዛው ላይ ሆኜ ያየሁትን ነገርኳቸው፤ እነሱ የሚያውቁት ነገር ስለሆነ ማስረዳት አላስፈለገም። "እሱማ ቃሬዛ ነው" አሉ። ሻንጣንና ቃሬዛን ማንም አገናኝቶላቸው አያውቅም ነበር። የዕቃ ክፍሉ ውስጥ የሚንበረከከው በየጋሪው እንዲቀየር፣ አንድ ሰው ሳያነሳ ከጎን ቆሞ እያየ "ውጣ፣ ግባ" እንዲል ተስማማን።

"የሚጠራው ማን ይሁን?" አሉ አቶ ሲሳይ።

ጌታው ተነሣ። ቆቡን በእጁ ይዟል። "እኔ ልሁን" አለ። "ወገቤ ታሟል። ሦስት ዓመቱ ነው።"

አቶ ሲሳይ መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩና፣ "እኔ ደግሞ ጆሮዬ ነው" አሉ። "ግራው ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ ከሄደ ቆየ። ስትናገሩ አፋችሁን እያየሁ ነው የምሰማው።" ከሳቸው በኋላ የሰጠ የእጅ አንጓ መጣ፤ ከሱ በኋላ የሌላው ጉልበት። እኔም አልቀረሁም፤ ወገቤን ነገርኳቸው። በዚያች ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ጤነኛ ሰው አልነበረም። ግን እንደዚያ ቀን ቀና ብለው የተቀመጡ ሰዎች አይቼ አላውቅም።

አቶ ሲሳይ እዚያው ሆነው ጫኞቹን ለቀጠረው ተቋራጭ ደወሉ። ሰውየው "የታመመ ካለ ስሙን ላኩ፣ እተካዋለሁ" ሲል ከስልኩ ይሰማናል። "ጮክ በል፣ አልሰማህም!" አሉት አቶ ሲሳይ። ከዚያ፣ "ስድስት ሰው አሉኝ። ስድስቱንም እፈልጋለሁ። አንዱ ቆሞ ያያል፣ አምስቱ ይጭናሉ፤ ሰዓት ካስረፈድን ያኔ ተናገር" ብለው ዘጉ።

ተቋራጩ እስከ ገና ይሞከር ብሏል። ከገና በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ጌታው ደውሎ ነበር። ሐኪም ቤት እየሄደ ነው፤ ጀርባውን የሚያፍታታበት እንቅስቃሴ አሳይተውታል። አውሮፕላኑም አላረፈደም። እኔ ደግሞ ለአለቆቼ "ሕመም አለ፣ የለም" የሚለው ረድፍ ከቅጹ ይውጣ ብዬ ጽፌያለሁ። መልስ እየጠበቅሁ ነው።

ማክሰኞ

ያረፍኩባት ቤት ባለቤት ለመንገድ ዳቦ ቋጠረችልኝ። ማረፊያው ስንደርስ ያ ጥበቃ ሻንጣዬን ሳይከፍት "እግዜር ይማርዎት" ብሎ አሳለፈኝ።

መስኮት ያዝኩ። ጋሪዎቹ ወደ ጅራቱ ሲሄዱ፣ ጌታው እጁን ከኋላው አጣምሮ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ሰጠ ውስጥ ገብቷል። የመጀመሪያው ጋሪ ባዶ ሲሆን ጌታው አንድ ጊዜ እጁን አነሣ። ሰጠ ወጣ፣ ሌላው ገባ። ምንም አልተባባሉም። ከጀርባቸው ተራራው አለ፤ ጠዋት ስለነበር ከነገደሉ ወርቅ መስሏል። ስንነሣ ቁልቁል እያየሁ፣ ቃሬዛዬ የወረደበትን መንገድ ለመለየት ሞከርኩ። ከላይ ሲታይ መንገድ አይመስልም፤ ክር ነው። በዚያ ክር ላይ ሰማንያ አንድ ኪሎ ያለ አንዲት መናወጥ ወርዷል።

አዲስ አበባ ስደርስ ከአውሮፕላኑ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ሁለት ወጣቶች ተሽከርካሪ ወንበር ይዘው መጡና ከነወንበሩ አነሡኝ። ሦስተኛው ከታች ቆሞ ይጠብቃል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ስንደርስ፣ በግራዬ ያለው ልጅ አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ሲወጠር አየሁ።

"አስቀምጡኝ" አልኩ። አስቀመጡኝ። ከታች ያለውን ጠራሁት። "አንተ ና ግባ። እሱ ይውጣ።"

ልጁ ቅር አለው። "ኧረ እትዬ፣ አልደከመኝም እኮ!"

"አውቃለሁ" አልኩት። "ለዚህ ነው።"